ሶላሩ ደህና፣ ድንጋዩ ባዶ፦ ከመንዝ የአንድ ቤት ጉዳይ

ነገሩ የሆነው መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ወጣ ብሎ ባለ የገጠር ቤት ነው። አካባቢው ከባሕር ወለል በላይ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ቀን ፀሐዩ አናት ይበሳል፣ ሌሊት ብርዱ አጥንት ድረስ ይዘልቃል። የመብራት መስመር እዚያ ሰፈር አልገባም። ቤቱ የአክስቴ ነው። ከባለቤታቸው ከጋሼና ስምንተኛ ክፍል ከሚማረው የልጅ ልጃቸው ጋር ይኖራሉ።

ጅዳ የምትሠራው ልጃቸው ለዕረፍት ስትመጣ ዕቃ ይዛላቸው መጣች። ተጣጥፎ የሚዘጋ 10 ዋት ሶላር፣ 10,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የተጻፈበት ፓወር ባንክ፣ አራት የባትሪ ድንጋይ የሚያስገባ የዩኤስቢ ቻርጀር፣ ስምንት ቻርጅ የሚደረግ ትንሹ ድንጋይ፣ ማለትም ደብል ኤ። ለእናቷ ደግሞ የደም ግፊት መለኪያ። ታስቦበት የተገዛ ዕቃ ነው። አንድ የገጠር ቤት የሚያስፈልገው ሁሉ አለው።

ከጥቂት ወራት በኋላ ጋሼ ደወሉልኝ። «ይሄ ሶላር አይረባም። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ውሎ፣ ማታ ሬድዮኑ አንድ ዜና እንኳ አይጨርስም» አሉኝ። አክስቴ የተቸገሩት ግን በሌላ ነገር ነው። ጤና ጣቢያ ግፊታቸውን ጠዋትና ማታ እየለኩ እንዲያስመዘግቡ ነግሯቸዋል። መለኪያው በአራት ድንጋይ ይሠራል። ክንድ ላይ የሚታሰረውን መንፋት ሲጀምር የባትሪ ምልክት ያሳይና ድርግም ይላል። እሳቸውም ታከታቸውና መለካቱን ተዉት። ልጁ ቁጥሩን የሚጽፍበት ደብተር ከመጀመሪያው ገጽ ወዲያ ባዶ ነበር። የግፊት ሕመምተኛ እንዲህ ሆኖ መቀመጥ የለበትም። ቴስተሬንና በዩኤስቢ የሚያልፈውን ቮልትና ከረንት የምታሳይ አንዲት መለኪያ ይዤ የሄድኩት ለዚህ ነው።

ይህን ጉዳይ በዝርዝር የምጽፈው፣ ተመሳሳይ ዕቃ ተገዝቶላቸው «አይሠራም» ብለው አልጋ ሥር የከተቱ ሰዎች ስለማውቅ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ዕቃው ጤነኛ ነው። ችግሩ ያለው ፓነሉና ድንጋዩ በሚገናኙበት መንገድ ላይ ነው።

ከሶላሩ በፊት

ቀድሞ ቤቱ የሚኖረው በሱቅ ድንጋይ ነበር። በገበያ ቀን ለሬድዮኑ ሁለት፣ ለእጅ ባትሪው ሁለት ይገዛል። ሲደክም ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ጭራሽ ሲደክም ደግሞ በጥርስ ይነከሳል ወይም በድንጋይ ይቀጠቀጣል። ሁላችንም ያደግነው ይህን እያየን ነው። ፀሐይ ላይ ማስጣቱ ትንሽ ነፍስ የሚዘራው ድንጋዩ ሲሞቅ ውስጡ ያለው ኬሚካል ስለሚፈጥን ነው። አዲስ ጉልበት ግን አይገባበትም፤ የተረፈችው ትንሽ ቶሎ ትወጣለች እንጂ። መንከሱ ደግሞ አደጋ አለው። የተራው ድንጋይ ቆርቆሮ ዚንክ ነው። ሲሠራ የሚበላው ራሱ ዚንኩ ስለሆነ ሲያረጅ ይሳሳል፣ ያፈሳል። ሬድዮ ውስጥ ተረስቶ የሬድዮኑን መገናኛ ብረት የበላ ድንጋይ ያላየ የለም።

ልጁ ይህንን ልማድ ወደ አዲሱ ቻርጀር ይዞት ገብቶ ነበር። ተራውን የሱቅ ድንጋይ ቻርጀሩ ላይ ሰክቶ ሲሞክር አገኘሁት። ቻርጀሩ ብልጥ ስለሆነ ቀይ መብራት እያብለጨለጨ እምቢ አለው። ርካሽ ቻርጀር ቢሆን ዝም ብሎ ይሰድበት ነበር። ተራ ድንጋይ ቻርጅ ሲደረግ ጋዝ ይፈጥራል፣ ያፈሳል፣ ሊፈነዳም ይችላል። ድንጋዩ ላይ «ሪቻርጀብል» ወይም «ኒኬል ሜታል ሃይድራይድ» የሚል ካልተጻፈ ቻርጀር ውስጥ አይገባም። ለልጁ ይህንን ደጋግሜ ነገርኩት።

አንድ ደመና ሲያልፍ

የነበረው አሠራር ይህ ነው። ጠዋት ሶላሩ የግቢው የድንጋይ ካብ ላይ ይዘረጋል። ቻርጀሩ በቀጥታ ሶላሩ ላይ ይሰካል። አራት ድንጋይ ይገባበታል። መብራቱ አረንጓዴ ሲሆን ይወጣል፣ ሌላ አራት ይገባል። ፓወር ባንኩ ለስልክ ብቻ ነው። እሱንም ጋሼ በገበያ ቀን ከተማ ይዘውት ወርደው ስልክ ቻርጅ የሚያደርግ ሱቅ ከፍለው ያስሞሉታል።

መለኪያዬን በሶላሩና በቻርጀሩ መካከል ሰክቼ ካቡ ሥር ተቀመጥኩ። ከረፋዱ 4 ሰዓት ነው፣ ሰማዩ ጥርት ያለ። 5 ቮልት፣ 0.8 አምፔር፣ ማለትም 4 ዋት። ቻርጀሩ አራት ድንጋይ ሲይዝ የሚፈልገው ያንን ያህል ነው። ሶላሩ 10 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ቢሆንም ጥሩ ፀሐይ ላይ የሚሰጠው ስድስት ወይም ሰባት ነው። ይህ የሻጭ ማጭበርበር አይደለም። ዋቱ የሚለካው ፓነሉ 25 ዲግሪ ላይ ሆኖ ነው። ፀሐይ ላይ የዋለ ፓነል ደግሞ ከ50 ዲግሪ በላይ ይሞቃል። ከ25 በላይ በጨመረ በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ገደማ ያጣል። የዩኤስቢው ማስተካከያም የራሱን ድርሻ ይወስዳል።

ከዚያ አንዲት ደመና መጣች። ትንሽ ናት፣ ከአንድ የበግ መንጋ ሜዳ የማትሰፋ። ቁጥሩ ወረደ። 4.6 ቮልት፣ 4.3፣ ከዚያ ዜሮ። የቻርጀሩ መብራት ጠፋ። ደመናዋ አለፈች፣ መብራቱ ተመለሰ፣ ቀይ ብልጭ አለ። ጥቂት ቆይቶ ሌላ ስስ ደመና መጣ። ይሄኛው ጨርሶ አላጠፋውም፣ አደከመው እንጂ። ወዲያው ሁለቱ መብራቶች አረንጓዴ ሆኑ።

ድንጋዮቹን በጣቴ ነካኋቸው፤ ቀዝቃዛ ናቸው። እንዲህ ያለ ድንጋይ በዚህ ፍጥነት ሲሞላ መጨረሻው ላይ ለብ ማለት አለበት። የሚገባው ጉልበት ማደሪያ ሲያጣ ወደ ሙቀት ይለወጣልና። አረንጓዴ አብርቶ ድንጋዩ ቀዝቃዛ ከሆነ አልሞላም። ቴስተር ለሌለው ሰው ከዚህ የተሻለ መመርመሪያ አላውቅም።

ቻርጀሩ ለምን ተታለለ

ኒኬሉ፣ ማለትም ቻርጅ የሚደረገው ድንጋይ፣ ሲሞላ ቮልቴጁ ቀስ እያለ ይወጣል። ሞልቶ ሲያበቃ ደግሞ በጥቂት ሚሊ ቮልት ዝቅ ይላል። ብልጡ ቻርጀር የሚጠብቀው ያችን ትንሽ ዝቅታ ነው። ሲያያት «በቃ፣ ሞልቷል» ብሎ ያቆማል። ግድግዳ ላይ በተሰካ ቻርጀር ይህ ዘዴ ጥሩ ነው። የሚመጣው ከረንት ስለማይለዋወጥ ቮልቴጁ ዝቅ የሚልበት ሌላ ምክንያት የለም።

ሶላር ላይ ግን አለ። ስስ ደመና ሲያልፍ ከረንቱ ይቀንሳል። ከረንት ሲቀንስ የድንጋዩ ቮልቴጅ ወዲያው ከ20 እስከ 40 ሚሊ ቮልት ሊወርድ ይችላል። ቻርጀሩ ከሚጠብቃት ምልክት በብዙ ይበልጣል። ደመናና ሙሉ ድንጋይ ለእሱ አንድ ናቸው። ግማሽ እንኳ ያልደረሰውን ድንጋይ ሞልቷል ይላል።

ወፍራም ደመና ሲመጣ ደግሞ ተቃራኒው ይሆናል። ቻርጀሩ ጭራሽ ይጠፋል፣ የነበረበትንም ይረሳል። ሲነቃ ሰዓት ቆጣሪውን ከሀ ብሎ ይጀምራል። ቀድሞ የሞላ ድንጋይ ውስጡ ካለ እንደገና ከልክ በላይ እየተሞላ ይጋገራል። ደመና በበዛበት ቀን ይህ ብዙ ጊዜ ይደጋገማል። ከስምንቱ ሁለቱ እንዲህ ተጎድተው አገኘኋቸው። ጥሩ አድርጌ ብሞላቸውም በማግስቱ ደክመው ይገኛሉ። የግፊት መለኪያውን ያስቸገረውም ይሄው ነው። የመለኪያው ፓምፕ ትንሽ ሞተር ነው፣ ሲነሳ ብዙ ከረንት በአንዴ ይስባል። ከአራቱ አንዱ ከደከመ ሲሳብ ቮልቴጁ ይወድቅና ዕቃው ይጠፋል። ሬድዮ ያን ያህል ስለማይስብ በደከመ ድንጋይም ትንሽ ይንጠራወዛል።

በነገራችን ላይ ድንጋዩ 1.2 ቮልት ስለሆነ ደካማ ነው የሚባለው ትክክል አይደለም። ተራው ድንጋይ በ1.5 ይጀምርና ቶሎ ወደ 1.2 ይወርዳል። ኒኬሉ እስከ መጨረሻው አካባቢ 1.2 ላይ ይጸናል። የአክስቴ መለኪያ መመሪያም የሚሞላ ድንጋይ ይፈቅዳል።

ቅደም ተከተሉን መለወጥ

ምንም አልገዛንም። የሚያስፈልገው ሁሉ ቤቱ ውስጥ ነበር፣ ቅደም ተከተሉ ነው የተገላበጠው። ሶላሩ ቀን ፓወር ባንኩን ይሞላል። ፓወር ባንኩ ማታ ድንጋዮቹን ይሞላል። ልክ የሚቆራረጥ የቦኖ ውኃ በጄሪካን ተጠራቅሞ ማታ ሥራ ላይ እንደሚውለው።

ፓወር ባንኩ ደመናን ለምን ይችላል? ውስጡ ያለው ሊቲየም ነው። ሊቲየም መሙላቱን የሚያውቀው ቮልቴጁ 4.2 ሲደርስና የሚገባው ከረንት ሲያንስ ነው። ዝቅታ አይፈልግም። ፀሐይ ብትጠፋ ይቆማል፣ ብትመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። ማታ ደግሞ ለቻርጀሩ የሚሰጠው ቀጥ ያለ፣ የማይዋዥቅ 5 ቮልት ነው። ቻርጀሩ የተሠራው ለዚህ ነው።

«ሁለት ጊዜ መሙላት ብክነት አይሆንም ወይ?» አሉኝ ጋሼ። ይሆናል፤ ግን ሒሳቡ ይወጣል። አንድ 2,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት ድንጋይ 2.4 ዋት ሰዓት ይይዛል። አራቱ 10 ገደማ። የመሙያ ብክነቱ ሲጨመር ከፓወር ባንኩ 15 ዋት ሰዓት አካባቢ ይስባሉ። ሶላሩ በ6 ዋት ለአምስት ሰዓት ቢሠራ 30 ይሰጣል። ሲገባ የሚጠፋው ተቀንሶ ፓወር ባንኩ ውስጥ 25 ይቀራል ብንል፣ አራቱን ድንጋይ ሞልቶ ለአንድ ተራ ስልክ ይተርፋል። የሚባክነው ካቡ ላይ በከንቱ ይወድቅ የነበረ ፀሐይ ነው። ውሸታም አረንጓዴ መብራት የበለጠ ያባክናል።

ድንጋዮቹን ለየናቸው። ጠንካሮቹ አራት ለግፊት መለኪያው፣ ሌሎቹ ሁለት ለሬድዮ፣ የተጎዱት ሁለት ለእጅ ባትሪው። ከብት አይቶ ለመመለስ እነዚያም ይበቃሉ። ሬድዮኑ ትልቁን ድንጋይ ነው የሚወስደው፣ ስለዚህ ትንሹን ወደ ትልቁ የሚለውጠውን፣ ቤት የነበረውን የላስቲክ ቀፎ አለበስናቸው። ልጁ በእስክሪብቶ «ግ»፣ «ሬ»፣ «ባ» ብሎ ጻፈባቸው። ይህ ጌጥ አይደለም። ደካማና ጠንካራ ድንጋይ አብረው ሲገቡ ደካማው ቀድሞ ያልቅና ጠንካራው በተቃራኒ አቅጣጫ ይገፋዋል። ያን ጊዜ ይሞታል። አብረው የሚሠሩ አብረው ይሞሉ፣ አብረው ይግቡ። የግድግዳ ሰዓቱ ግን በተራ ድንጋይ ይቀጥላል። የሚስበው ከቁጥር አይገባም፣ የሚሞላ ድንጋይ እዚያ መቀርቀር የለበትም።

እግረ መንገዴን ስለ ጽሑፍ አንድ ነገር ልበል። ገበያ ላይ «3,800» ወይም «4,500» የሚል ደብል ኤ ይሸጣል፤ አትመኑት። በዚህ መጠን ያለ ኒኬል ድንጋይ እውነተኛ ጣሪያው 2,700 አካባቢ ነው። ከውጭ የምትልኩ ሰዎች 2,000 የሚልና ተቀምጦ ጉልበቱን የማያጣውን ዓይነት ፈልጉ። ዓመት ተቀምጦ እንኳ አብዛኛው ጉልበቱ እጁ ላይ ይቆያል። ተራው የሚሞላ ድንጋይ ግን በአንድ ወር ብቻ ከሩብ ያላነሰ ሊያጣ ይችላል። ለግፊት መለኪያ ይህ ትልቅ ልዩነት ነው፣ ምክንያቱም መለኪያው በቀን የሚሠራው ለጥቂት ደቂቃ ነው። ድንጋዩን ቀድሞ የሚጨርሰው ዝም ብሎ መቀመጡ ነው።

ካቡ ላይ የተስተካከለው

ሶላሩ የሚዘረጋበት ቦታም ተቀየረ። ካቡ አጠገብ አንድ የዛፍ ቅርንጫፍ አለ፤ ከሰዓት በኋላ ከሶላሩ ሦስት ተጣጣፊ ክፍሎች በአንዱ ጫፍ ላይ ጥላ ይጥላል። ትንሽ ትመስላለች። ፓነሉ ውስጥ ያሉት ሕዋሳት በተርታ እርስ በርስ የተያያዙ ናቸውና አንዱ ሲጠለል የሌሎቹንም ከረንት ያንቃል። መለኪያው ላይ ኃይሉ ከግማሽ በታች ሲወርድ ለጋሼ አሳየኋቸው። ሶላሩን ራሳቸው አንስተው ወዲያ አራቁት።

አቅጣጫውም አለ። መንዝ ከምድር ወገብ 10 ዲግሪ ያህል ወደ ሰሜን ናት። በኅዳርና በታኅሣሥ የቀትር ፀሐይ ወደ ደቡብ ያጋድላል። ስለዚህ በበጋ ሶላሩ ፊቱን ወደ ደቡብ አዙሮ፣ ከኋላው ጠፍጣፋ ድንጋይ ተደግፎ ይቀመጣል። ከሚያዝያ 9 አካባቢ እስከ ነሐሴ 20 አካባቢ ግን የቀትር ፀሐይ በስተሰሜን ነው። ያን ጊዜ ትንሽ ወደ ሰሜን ያዘንብላል፣ ወይም ዝም ብሎ ይጋደማል። «ሶላር ሁልጊዜ ወደ ደቡብ» የሚለው ምክር የመጣው ከእኛ በጣም በስተሰሜን ካሉ አገሮች ነው።

ፓወር ባንኩ ከሶላሩ ጀርባ ባለው ኪስ ውስጥ ይገባ ነበር። ኪሱ ለዚያ የተሰፋ ይመስላል፣ ግን ምድጃ ነው። ሊቲየም ከ45 ዲግሪ በላይ ሲሞላ ይጎዳል። አሁን የሚቀመጠው ከካቡ ጥላ በኩል፣ ነፋስ በሚያገኘው ስንጥቅ ውስጥ ነው። ከዜሮ በታች መሙላትም ለሊቲየም ጥሩ አይደለም። መንዝ ላይ በኅዳር ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። ስለዚህ ፓወር ባንኩ ቤት ያድራል፣ የሚወጣውም ፀሐዩ ከሞቀ በኋላ፣ 3 ሰዓት ሲል ነው። ገመዱ አጭር ይሁን። ልጁ ሶላሩ ውጭ ሆኖ ፓወር ባንኩ ቤት እንዲሆን ረጅም ቀጭን ገመድ አምጥቶ ነበር። ሞከርነው፤ ቮልቴጁ መንገድ ላይ ተበላ፣ ፓወር ባንኩ መሙላቱን አቋረጠ። አንድ ሜትር ወፈር ያለ ገመድ ይበቃል።

ያላሰብኩት ችግር ጎረቤት ነበር። ሶላር ያለበት ቤት ስልክ ይጎርፋል። ጋሼ ደግሞ ሰው መመለስ አይሆንላቸውም፣ መሆንም የለበትም። ፓወር ባንኩ ማታ ድንጋይ ሳይሞላ ለስልክ እያለቀ አስቸገረ። መፍትሔው ከቴክኒኩ ራሱ መጣ። ስልክም ሊቲየም ስለሆነ ደመናን ይችላል። ስለዚህ የጎረቤት ስልክ ቀን፣ ፓወር ባንኩ ከሞላ በኋላ፣ በቀጥታ ሶላሩ ላይ ይሰካል። ፓወር ባንኩ ግን ከራት በኋላ የድንጋይ ነው። አክስቴ ይህን ሕግ አጥብቀው ይዘውታል። «ልጄ፣ ስልክ ቢዘጋ ነገ ይከፈታል፤ የእኔ ግፊት ነገን አይጠብቅም» አሉኝ። ልክ ናቸው።

ደብተሩ አሁን ጠዋትና ማታ ይጻፍበታል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ጤና ጣቢያ ይዘውት ሄዱ። መድኃኒታቸውን የሚወስነው ባለሙያ እጁ ላይ የሚያየው ቁጥር አለው። ጋሼም ዜናውን ጨርሰው ይሰማሉ። በቀን ሁለት ሰዓት ያህል ለሚከፈት ትንሽ ሬድዮ አንድ ሙላት ሳምንት አልፎ ይቆያል።

ፓወር ባንክ ለሌለው

አንድ ጎረቤት ፓወር ባንክ የለኝም፣ ምን ላድርግ ብሎ ጠየቀኝ። ሌላ መንገድ አለ፤ ቀርፋፋ ነው እንጂ አይዋሽም። 9 ቮልት ገደማ የሚሰጥ፣ ከረንቱ ከ200 ሚሊ አምፔር የማይበልጥ ትንሽ ፓነል፣ አራት ድንጋይ በተርታ የሚይዝ ማቀፊያና ከረንትን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ አንድ ዳዮድ ብቻ ይበቃሉ። ቻርጀር የለም። 2,000 የሚልን ድንጋይ በ200 መሙላት በአንድ አሥረኛ ፍጥነት መሙላት ነው። በዚህ ፍጥነት ትንሽ ቢያልፍ እንኳ ድንጋዩ አይጋገርም። ለመሙላት 14 ሰዓት ያህል ሙሉ ፀሐይ ይፈልጋል። በቀን አምስት ስድስት ሰዓት ከተገኘ፣ ሦስት ቀን። ደመና ቢመጣ የሚዘገይ እንጂ የሚታለል ነገር የለም። ዳዮዱ እንዳይቀር። እሱ ከሌለ ሌሊት ፓነሉ የድንጋዩን ጉልበት መልሶ ይጠጣል። ለሊቲየም ድንጋይ ግን ይህን እንዳትሞክሩ። ሊቲየም 4.2 ላይ የሚያቆምለት ቻርጀር ከሌለው ሊቃጠል ይችላል።

ክረምት

የቀረው ክረምቱ ነው። ሐምሌና ነሐሴ መንዝ ላይ ጉም ቀኑን ሙሉ ሊያርፍ ይችላል። በበጋ አንድ ቀን የሚፈጀው ያን ጊዜ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ለዚያ የተስማማነው ይህ ነው። ሰማዩ ለአፍታ እንኳ ቢከፈት ፓወር ባንኩ ይሰካል፣ የጎረቤት ስልክ ለእነዚያ ወራት ከተማ ይሄዳል፣ ሬድዮኑ ወደ ሱቅ ድንጋይ ይመለሳል። ለግፊት መለኪያው ደግሞ ያልተከፈተ አራት አልካላይን ድንጋይ ከመድኃኒታቸው ጋር አንድ ላይ ተቀምጧል። ልጁም ሬድዮ ላይ እንዳያደርገው ተነግሮታል።